ባዶ ላይ የተቀመጠ ውሃ ልክ

«የናፍጣ ፒክአፕ ያለው ሰው ነበረ፤» አሉ ጋሽ አስፋቸው፣ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው።

የዕድሩ ጸሐፊ ፈለቀ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቀና አለ። እሱ የጠየቃቸው ስለ መኪና አልነበረም፤ ስለ ደንብ ነበር። ሦስት ቀብር በተከታታይ ያልተገኘ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል የሚለውን ደንብ ራሱ ጽፎት፣ ጉባኤው አጽድቆት፣ ትናንት በዚያው ደንብ የወይዘሮ ሙላቷን ስም ሰርዟል። ወይዘሮ ሙላቷ ከአልጋ የማይነሳ ባል የምታስታምም ሴት ናት። ባሏ ሲሞት የዕድሩ ድንኳን ደጇ ላይ አይተከልም ማለት ነው። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ፊቱን ሲያጠቁርበት፣ ፈለቀ ዕድሩን ካቋቋሙት ሽማግሌዎች በሕይወት ወደ ቀሩት ወደ ጋሽ አስፋቸው መጣና፣ «ጋሼ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። ለአንዷ ብቻ ባጎነብስ አድልዎ አይሆንብኝም? ልክ የሆነውን ባደረግሁ ምን በደልኩ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ አስፋቸው «ልክ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ አድርገው ነው ወሬውን የጀመሩት። የነገሩትም እንዲህ ነው።

ባለመኪናው ነጋዴ ነበር። ድንች ከገጠር አስጭኖ ከተማ ይሸጣል። ድንቹን የሚያመጣው ግን እሱ አይደለም፤ ሾፌር አለው። ሾፌሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሲሄድ ሸቀጥ፣ ሲመለስ ድንች ጭኖ ይነዳል። እሑድ እሑድ መኪናዋ ትታጠብና ባዶዋን ትቀርባለች፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ኮቱን ደርቦ ከተማውን ይዞርባታል።

እንደ ብዙዎቹ የጭነት ፒክአፖች ይቺም መኪና ባዶ ስትሆን ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ትል ነበር። ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ ብርቱ ነው፤ ጭነቱ እስኪመጣ ድረስ ጀርባዋን ሽቅብ ይይዘዋል። አሥር ኩንታል ሲያርፍባት ኋላዋ ይወርድና እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ትላለች። የሠራት ሰው አስቦበት ነው እንዲህ ያደረጋት።

አንድ እሑድ ባለመኪናው ሰርግ ቤት ደጃፍ አቆማት። ከድንኳኑ አፍ የተቀመጡ ሥራ ፈቶች አዩዋት።

«ኧረ ጌታው! መኪናህ ለማን ነው እጅ የምትነሳው?» አለ አንዱ።

«እጅ ስትነሳ አይደለም፤ የጣለችው ነገር አለ፣ እሱን ስትፈልግ ነው፤» አለ ሁለተኛው።

«ሁለታችሁም አላወቃችሁም። ባለቤቷ ሰላምታ ስለማያውቅ እሷ በእሱ ፈንታ እያጎነበሰች ነው፤» አለ ሦስተኛው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለመኪናውም አብሮ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። ነገሩ ከነከነው። ሲያድር ደግሞ ባሰበት።

በከተማው ዳር ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነበረ። ጥንቁቅ ሰው ነው። የፈታውን ብሎን እየቆጠረ በጣሳ ያስቀምጣል፤ ያጠበቀውን ብሎን ሁለቴ ተመልሶ በጣቱ ይነካዋል። ከእጁ በወጣ መኪና አንድ ሰው ተጎዳ ሲባል ሰምቶ አያውቅም፤ እንዳይሰማም ዘወትር ይጸልይ ነበር። አንድ ድካም ግን ነበረበት። ትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግበት እጁ ይንቀጠቀጥና የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከአፉ ይጠፋል።

ሰኞ ጠዋት ባለመኪናው መጣበት።

«ይቺን መኪና ከፊቷ አንሣልኝ። ከኋላዋ ጋር እኩል አድርጋት፤» አለው።

መካኒኩ ዞሮ አያት። «ጌታዬ፣ እሷ እኮ ምንም አልሆነችም። ያጎነበሰችው ባዶ ስለሆነች ነው። ጭነት ሲያርፍባት እኩል ትሆናለች። አሁን ባዶዋን እኩል ካደረግኋት፣ ስትጭን አፍንጫዋ ሰማይ ያያል።»

«ስትጭን ማን ያያታል?»

«ማየቱ አይደለም ጌታዬ፤ መሪው ይቀላል። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ ካልረገጡ . . .»

«ስማ!» አለ ባለመኪናው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ የምነዳት ባዶዋን ነው። ስትጭን የሚነዳት ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያዘዝኩህ?»

ይህን ቃል ያዝልኝ። ስትጭን የሚነዳት ሾፌሩ ነው። የሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ምሳውን ይበላል!

መካኒኩ አልተከራከረም። ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን አነሳና ከሥሯ ገባ። የዚህችን መኪና ፊት የሚሸከሙት ከሆዷ ሥር የተዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። ከጫፋቸው ብሎን አለ። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ዘንጉ በተጠመዘዘ ቁጥር አፍንጫዋ ይነሳል። መካኒኩ ቀኙን አጠበቀ፣ ግራውን አጠበቀ፣ ወጥቶ አየ፣ ተመልሶ ገባ። በመጨረሻ ከጎረቤቱ ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሰ። ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበት ነው፤ በብርጭቆዋ ውስጥ ትንሽ አረፋ አለች። አረፋዋ ከሁለቱ መስመሮች መሃል ከቆመች ነገሩ ልክ ነው። ወደ አንዱ ጫፍ ከሸሸች ያ ጫፍ ከፍ ብሏል።

መካኒኩ ጥንቁቅ ስለነበረ አስቀድሞ የጋራዡን ሲሚንቶ ለካ። ሲሚንቶው ልክ ነበር። ከዚያ ውሃ ልኩን ከመኪናዋ በር ሥር ካለው ብረት ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ መሃል ቆመች።

«ልክ!» አለ ባለመኪናው፣ እጁን አጨብጭቦ። «አየህ? ስትፈልግ ትችላለህ!»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መኪናዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በከተማው ታልፍ ጀመር። ሥራ ፈቶቹም ዝም አሉ። የዚህ ሁሉ ነገር ትርፍ ይህ ብቻ ነው፤ የሦስት ሥራ ፈቶች ዝምታ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሾፌሩ ወደ ጋራዡ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ለመካኒኩ ከሰላምታ በቀር ተናግሮት አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ምን አደረግሃት?» አለው። «ዳገት ላይ መሪው እጄ ውስጥ የለም። ባዶ ወንፊት የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ሲመሽ መብራቷ ዛፍ ላይ ነው የሚያበራው፤ ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ዓይኑ ጠፍቶ እናቴን እየሰደበ ያልፋል። እኔ ደግሞ መንገዱ አይታየኝም።»

መካኒኩ ማለት የነበረበትን ያውቃል። «አንድ ሰዓት ስጠኝና ብሎኑን ላላላልህ» ማለት ነበረበት። ግን የባለመኪናው ድምፅ በጆሮው ጮኸበት።

«እኔ ለክቻታለሁ። በውሃ ልክ ነው የለካኋት፤ ልክ ናት፤» አለ። «ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝ መንካት አልችልም። እሱን አናግረው።»

ሾፌሩ ባለቤቱን አናገረ። ባለቤቱም፣ «መንዳት ሲያቅትህ መኪናዬን ታማለህ? ሌላ ሾፌር ሞልቷል፤» አለው። ሾፌሩ ሦስት ልጆች አሉት። ቁልፉን ተቀበለ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማለዳ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ፣ ሾፌሩ አሥር ኩንታል ድንች ጭኖ ከከተማው በፊት ያለውን ዳገት ይወጣ ነበር። ከዳገቱ አናት መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ዞሩ፤ መኪናዋ ግን አልዞረችም። ጎማዎቹ መሬቱን በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነክተው ጭቃው ላይ ተንሸራተቱ። ቀጥ ብላ ሄዳ፣ የአንድ ደሃ አጥር ጥሳ፣ ቦይ ውስጥ ገባች። ደግነቱ ከአጥሩ ወዲያ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን የቤቱ ሴትዮ እዚያው ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ልብሱ ከኋላ ጎማው ሥር ተገኘ። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ክንዱ ተሰበረ።

ጭነቱ ተራግፎ፣ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ከመካኒኩ ጋራዥ ቆመች። ኩንታሎቹም አጠገቧ ተደረደሩ። አንድ መብራቷ ከመሰበሩ በቀር ምንም አልሆነችም። በማግሥቱ ባለመኪናው ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ሾፌሩ ክንዱን በነጠላ ጨርቅ ከአንገቱ አስሮ ቀረበ። ወሬ የሰማ ሰው ሁሉ በሩን ሞላው፤ እነዚያ ሦስቱ ሥራ ፈቶችም አልቀሩም።

ባለመኪናው ተናገረ። «ይህ ሰው በስንፍናው መኪናዬን ቦይ ከቶ፣ አሁን ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ይላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ከተማ ሁለተኛ መሪ እንዳይጨብጥ ፍረዱልኝ። ሰው ሳይገድል በፊት!»

የሾፌሩ ፊት ዐመድ መሰለ። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ያን ከነጠቁት ምን ይዞ ቤቱ ይገባል?

ታላቁ ሽማግሌ ወደ መካኒኩ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና የተስተካከለች ናት ወይስ አይደለችም? እግዚአብሔርን ይዘህ ተናገር።»

መካኒኩ ከግንበኛው ውሃ ልኩን ተቀብሎ ከበሩ ሥር አስቀመጠ። አረፋዋ መሃል ቆመች። ሽማግሌዎቹ በየተራ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልክ ናት?» አሉት።

«ልክ ናት፤» አለ መካኒኩ።

ይህን ሲናገር አልዋሸም። አረፋዋ መሃል ነች፤ ዓይን ያለው ሁሉ አይቷል። ነገር ግን ሰው እውነት ተናግሮ መዋሸት እንደሚችል ያን ቀን አወቀ።

«እንግዲህ ምን ትላለህ?» አሉት ሽማግሌዎቹ ሾፌሩን።

ሾፌሩ መኪናዋን አየት አደረገ። ከዚያ፣ «እኔ ምን እላለሁ አባቶቼ፤» አለ። «ባዶዋን ነድቻት አላውቅም።»



ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም። ባለመኪናው፣ «ይኸው! የሚመልሰው አጣ!» አለ። መካኒኩ ግን ገብቶታል።  ውሃ ልኩን ከበሩ ሥር እንደተቀመጠ ተወውና ወደ ኩንታሎቹ ሄደ። የመጀመሪያውን ጆንያ አቀፈ። ቀጭን ሰው ነው፣ ኩንታል ተሸክሞ አያውቅም።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» ብሎ ጮኸ ባለመኪናው። «ማን ጫን አለህ?»

መካኒኩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲጮህበት ሳይታዘዝ ቀረ። ጆንያውን እየጎተተ እስከ መኪናዋ ጀርባ አደረሰው። ሽቅብ ማንሳት ግን አቃተው። ሾፌሩ ተነሳና በደህና እጁ ከሥር ደገፈለት። ሁለቱ ሲታገሉ ያየ ከሥራ ፈቶቹ አንዱ፣ «ኧረ ተው፣ ወገባችሁ ሊቆረጥ ነው!» ብሎ ኮቱን ጥሎ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንድ ጆንያ፣ ሁለት ጆንያ፣ ሦስት ጆንያ። በአራተኛው አረፋዋ ከመሃል ተነቃነቀች። በሰባተኛው መስመሩን አለፈች። አሥሩም ሲያልቅ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሸሽታ እዚያ ተጣብቃ ቀረች። የመኪናዋ አፍንጫ ከጋራዡ ቆርቆሮ በላይ ያለውን ሰማይ ያይ ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

መካኒኩ ላቡን ጠረገ። «አባቶቼ፣» አለ፣ «የቅድሙ የእኔና የጌታዬ ልክ ነው። የሾፌሩ ልክ ይህ ነው። ነግሮኝ ነበር፤ እያወቅሁ በውሃ ልክ መለስኩት። ክንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ ባለመኪናው። «ጭናችሁባት ትለኳታላችሁ እንዴ? የትኛው መኪና ነው ተጭኖ የሚለካው?»

ታላቁ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «መኪናስ ለምን ተሠራና?» አሉ። «ሰርግ ቤት ደጃፍ ልትቆም?»

«ታዲያ እሑድ ሰው ይሳቅብኝ?»

«ይሳቅብሃ!» አሉ ሽማግሌው። «ይሳቅብህ! ሰው ከሚሰበር አንተ ላይ ይሳቅ! ያቺ ሴትዮ ልብሷን አስጥታ ባትገባ ኖሮ ዛሬ የምንቀመጠው ለዕርቅ ነበር ወይስ ለለቅሶ?»

መካኒኩ በዚያው ሰዓት ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሁለቱን ብሎኖች አላላ። ጭነቱ እንዳለ ለካ፤ አረፋዋ መሃል ተመለሰች። ጆንያዎቹ ሲወርዱ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ከፊቷ ዝቅ አለች። ሾፌሩም ክንዱ ሲድን ወደ መሪው ተመለሰ። ባለመኪናው እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ በእግሩ ነው የሚሄደው ይባላል።

ጋሽ አስፋቸው ወሬውን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ፈለቀ ዞሩ። ፈለቀ መዝገቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር።

«አንተን ባለመኪናው ነህ አልልህም፤» አሉት። «ክፉ ሰው አይደለህም። አንተ መካኒኩ ነህ። ጉባኤው አዘዘህ፣ ጻፍክ። ደንቡ ቀጥ ያለ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ አረፋው መሃል ነው። ግን ያን ቀን ጉባኤው ላይ እነማን ተቀምጠን ነበር? በእግራችን የመጣን። እቤታችን የሚገላበጥ በሽተኛ ያልተውን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ስለዚህ ቁጣዬ በአንተ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው። ወይዘሮ ሙላቷ ግን አልነበረችም። ጭነት ያለበት ሰው ጉባኤ የሚቀመጥበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እኛ ባዶአችንን ተለካን፤ ልክ ሆነን፤ አጨበጨብን!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ . . .»

«ቆይ። ጥሩምባው በማለዳ ሲነፋ አንተ ጋቢህን አንስተህ ትወጣለህ። እሷስ? ያን ሰው ማን ያገላብጠው? አፉን ማን ያርጥብለት? ሦስት ቀብር አልመጣችም ብለህ ጽፈሃል። እውነትህን ነው፣ አልመጣችም። መካኒኩም ልክ ናት ሲል እውነቱን ነበር። ለአንዷ ባጎነብስ ትለኛለህ። ማጎንበስ ነውር ነው ያለህ ማን ነው? ያቺ መኪና ባዶዋን ያጎነበሰችው ጭነት ሲመጣባት ቀጥ ልትል ነው። ዕድርም የተሠራው ለዚያ ነው እንጂ፣ ደህና ለሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ሊታይ አይደለም!»

እጃቸውን ዘረጉና መዝገቡን ከእጁ ወሰዱት። ከፍራሻቸው ሥር ከተቱት።

«እኔ አልፈርድም። ነገ ማለዳ ሂድና ባሏን ተቀበላት። እስኪመሽ አንተ አስታምመው፤ እሷ አንድ ቀን ፀሐይ ትይ። በመካከል ጥሩምባ ቢነፋ፣ ያን ሰው ጥለህ ቀብር ትሄድ እንደሆነ ራስህን እየው። ከዚያ ና። አረፋዋ የት እንደደረሰች ትነግረኛለህ፤ መዝገቡን ያኔ እሰጥሃለሁ።»